ፍጥነት ወይስ ጭነት? ታንክ ከመርከብ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያወርዱ ሦስት ጀልባዎች ሲነጻጸሩ

ወደብ ካለ ታንክ ማውረድ ቀላል ነው። ወደቡ በጠላት እጅ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ግን አፍንጫው ተከፍቶ አሸዋ ላይ የሚዘረጋ ጀልባ ያስፈልጋል። የእነዚህ ጀልባዎች የዘመናት ድክመት ዝግታቸው ነው። ዛሬ ደግሞ ከየብስ የሚተኮሱ ሚሳይሎች ስላሉ እናት መርከቧ 25 የባሕር ማይል ያህል፣ ማለትም 46 ኪሎ ሜትር ርቃ መቆም ትፈልጋለች። ስለዚህ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። እኔ ግን ፍጥነት ብቻውን ያሳስታል ባይ ነኝ።

ከዘገምተኛው እንጀምር። ኤልሲዩ 1700 የተባለው የአሜሪካ ጀልባ 170 ቶን ተሸክሞ 11 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 11 የባሕር ማይል ይሄዳል። ለምን አይፈጥንም? ፊቱ ታንክ የሚወጣበት ሰፊ በር ነው፤ ውኃውን አይሰነጥቅም፣ ይገፋዋል። ከባድ ጀልባ ደግሞ ራሱ በሚያስነሳው ማዕበል ይታሰራል። ጥቂት ኖት ለመጨመር እጅግ ብዙ የሞተር ጉልበት ይጠይቃል። ሞተሩም ነዳጁም ክብደት ስላላቸው የጭነቱን ቦታ ይበሉታል።

ኤልሲኤሲ የተባለው ሆቨርክራፍት ከዚህ እስር የሚያመልጠው ከውኃው በላይ በመንሳፈፍ ነው። አራት ጋዝ ተርባይኖች አሉት፤ ከሥሩ በጎማ ቀሚስ የታቀፈ አየር ያነሳዋል። 60 ቶን ጭኖ 40 ኖት ይሮጣል፤ ሲገደድ 75 ቶን ይሸከማል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መረከብ የተጀመረው ተተኪው 74 ቶን ይጭናል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ውኃው ዳር አለመቆሙ ነው። አሸዋውን አልፎ ደረቅ መሬት ላይ ይወጣል። ከዓለም የባሕር ዳርቻ 70 በመቶ ያህሉ ክፍት ነው ይባልለታል፤ ለተራው ጀልባ የሚሰጠው ግምት ከ17 በመቶ አይበልጥም። የ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) ሱናሚ በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ላይ መንገዶችን ሲቆራርጥ እነዚህ ሆቨርክራፍቶች እርዳታ አድርሰዋል።

ይህ ሁሉ በነፃ አይገኝም። ነዳጅ ይጠጣል፤ ጨውና አሸዋ ተርባይኑን ይጎዱታል፤ ቀሚሱ ያልቃል። ጥገናው የአውሮፕላን ሞተር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛው የፈረንሳዩ ኤልካት ነው። ንድፉን በጣም እወደዋለሁ። ሲጓዝ ባለ መንታ አካል ካታማራን ነው፤ ታንኩን የተሸከመው መድረክ በሁለቱ አካላት መካከል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ዳርቻ ሲቃረብ መድረኩ ይወርድና ጀልባው ጠፍጣፋ ሆድ ይኖረዋል። ያኔ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ይገባል። 80 ቶን ጭኖ 18 ኖት፣ ባዶውን 25 ኖት ያህል ይሄዳል። ሞተሩ ናፍጣ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የናፍጣ መካኒክ የትም አለ። ግብፅም በ2016 እ.ኤ.አ. ከተረከበቻቸው ሁለት ሚስትራል የተባሉ የፈረንሳይ እናት መርከቦች ጋር ሁለት ኤልካት አግኝታለች።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ርቀቱ 25 የባሕር ማይል ይሁን። በየዙሩ ለመጫንና ለማራገፍ አንድ ሰዓት እንመድብ። የመጀመሪያው ታንክ በኤልሲኤሲ በ38 ደቂቃ፣ በኤልካት በ1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ፣ በኤልሲዩ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይደርሳል። በ24 ሰዓት ግን ኤልሲዩ በአራት ዙር 680 ቶን ያወርዳል። ኤልሲኤሲ በአሥር ዙር 600፣ ኤልካት (ባዶውን በ25 ኖት እየተመለሰ) በሰባት ዙር 560 ቶን። ዘገምተኛው አሸነፈ! ርቀቱ ወደ 5 ማይል ሲያጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ኤልሲዩ 2,040፣ ኤልሲኤሲ 1,140 ቶን።

ሒሳቡን የሚገለብጠው ጀልባዎቹ የሚያድሩበት የእናት መርከቧ ሆድ ነው። የአሜሪካዎቹ ሳን አንቶኒዮ መርከቦች አንድ ኤልሲዩ ወይም ሁለት ኤልሲኤሲ ይይዛሉ። ስለዚህ በአንድ መርከብ 680 ቶን ከ1,200 ቶን ጋር ይወዳደራል ማለት ነው። ጀልባ ከመምረጣችሁ በፊት መርከባችሁን ለኩ።

ምርጫዬ እንዲህ ነው። የተኩስ አደጋ ባለበት ዳርቻ የመጀመሪያዎቹን ታንኮች ቶሎ ማድረስ ግድ ከሆነና በጀቱ ካለ፣ ኤልሲኤሲ። ዳርቻው ከተያዘ በኋላ ስንቅና ነዳጅ ለማጋዝ ኤልሲዩ ይበቃል፤ ለዚያ ሥራ ተርባይን ማቃጠል ብክነት ነው። መካከለኛ አቅም ላለው ባሕር ኃይል ግን ያለማመንታት ኤልካት እላለሁ። 150 ቶን የሚሸከመው የሶቪየት ዘመኑ ሆቨርክራፍት ዙብርም አለ፤ ግን መርከብ ሆድ ውስጥ ስለማይገባ ለአጭር የባሕር መሻገሪያ ነው የሚሆነው።

ሁለት ነገር አጣሩ። አሜሪካኖች ቶን ሲሉ ብዙ ጊዜ 907 ኪሎ ማለታቸው ነው። አዲሱ የአሜሪካ ኤብራምስ ታንክ ደግሞ በእኛው ቶን (1,000 ኪሎ) ከ66 ያልፋል፤ በኤልሲኤሲ መደበኛ ጭነት ውስጥ አይገባም። ሻጩንም ሙሉ ጭነት ተጭኖ፣ ማዕበል ባለበት ቀን የተለካውን ፍጥነት በጽሑፍ ጠይቁት።