ዴልሂን በአንድ ቀን፦ ጥቅል ይሻላል ወይስ መኪናው ለብቻ፣ አስጎብኚው ለብቻ?

«ቀጠሯችን ሐሙስ ነው፣ ረቡዕ ባዶ ነን። ከተማውን በመኪና የሚያሳየን ሰው ታውቃለህ?» ዴልሂ ተምሬ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ መልእክት ቶሎ ቶሎ ይደርሰኛል። በሽተኛ ያጀበውም፣ ለሥልጠና የሄደውም፣ ልጁን ኮሌጅ ሊያስገባ የተጓዘውም ጥያቄው አንድ ነው። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አማራጩ ሦስት ነው። አንደኛው ያረፋችሁበት ቤት ወይም አንድ የጉዞ ቢሮ መኪናና «አስጎብኚ» አንድ ላይ አድርጎ የሚሸጥላችሁ ጥቅል ነው። ሁለተኛው መኪናውን ከነሾፌሩ ለብቻ፣ ፈቃድ ያለውን አስጎብኚ ደግሞ ለብቻ መያዝ ነው። ሦስተኛው በሜትሮና በባጃጅ ራስን ችሎ መዞር። እኔ የማዳላው ለሁለተኛው ነው፤ ገለልተኛ ምክር የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ከዋጋው እንጀምር። ዴልሂ ውስጥ መኪና ለቀን የሚከራየው «8 ሰዓት፣ 80 ኪሎ ሜትር» በሚባል ስሌት ነው። እንደ ዲዛየር ያለች ትንሽ መኪና ከሾፌርና ከነዳጅ ጋር ከ2,000 እስከ 2,500 ሩፒ፣ ሰፊው ኢኖቫ ከ3,000 እስከ 4,000 ሩፒ ግድም ትጠየቃላችሁ። ወደ ብር አልመነዝረውም፤ ምንዛሬው ቶሎ ያረጃል። እንግዲህ አንድ ሰው መኪናም አስጎብኚም ጨምሬ በ1,500 ሩፒ አዞራችኋለሁ ካለ፣ ቀሪውን ማን እንደሚከፍለው አስቡ። የሚከፍሉት ሱቆቹ ናቸው። ሾፌሩ ከገዛችሁት ላይ ኮሚሽን አለው፤ አንዳንዱ ሱቅማ ባትገዙም እንግዳ ስላመጣ ብቻ የሆነ ነገር ያስጨብጠዋል።

የአክስቴ ልጅ እናቷን ለጉልበት ሕክምና ይዛ ሄዳ ይኼንኑ ጥቅል ገዛች። የመጣችው መኪና በጋዝ የምትሄድ ነበረች። ዴልሂ ውስጥ አብዛኛው የኪራይ መኪና እንደዚያ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚቀመጠው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ የአክስቴ ዊልቼር አልገባም። ታጥፎ የፊት ወንበር ላይ ተጫነ፣ «አስጎብኚው» ደግሞ ራሱ ሾፌሩ ሆኖ ተገኘ። ቁጥብ ሚናር የሚባለውን ጥንታዊ ማማ ከመኪና ማቆሚያው ሆኖ በጣቱ አሳያቸው። ከዚያ የምንጣፍ ሱቅ፣ ከዚያ የዕብነ በረድ ሱቅ፣ ከዚያ «የመንግሥት ነው» የተባለ የሻርፕ ሱቅ። ለምሳ የወሰዳቸው ቤት ውስጥ ከእነሱ በቀር ሌሎች ጎብኚዎች እንጂ አንድም የከተማው ሰው አልነበረም፤ ሒሳቡም በዚያው ልክ ነው። ሻርፑን ፓሽሚና (ውዱ የፍየል ሱፍ) ነው ብለው 6,000 ሩፒ ሸጡላቸው። ቀለበት ውስጥ አሾልከው አሳይተዋቸዋል፣ ግን ቀጭን ሰው ሠራሽ ጨርቅም በቀለበት ያልፋል። አዲስ አበባ ሲደርስ ከዘርፉ አንድ ክር መዝዘን በክብሪት ለኮስነው፤ እውነተኛ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ይሄኛው እንደ ፌስታል ቀልጦ ጠጠር ሆነ። (ሻርፕ የምር ከፈለጋችሁ ጃንፓት መንገድ ላይ ያለው የመንግሥት የእደ ጥበብ መደብር፣ ሴንትራል ኮቴጅ ኢንዱስትሪስ ኢምፖሪየም፣ ዋጋው የተለጠፈ ነው፤ ክርክር የለም፣ ደረሰኝ አለ።)

ስለ ደረሰኝ ካነሳን፣ ዴልሂ ውስጥ የሚመሳሰለው ሻርፕ ብቻ አይደለም። በኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ፣ በፓሃርጋንጅና በኮናት ፕሌስ ዙሪያ «የመንግሥት የቱሪስት ቢሮ» የሚል ሰሌዳ የለጠፉ የግል ሱቆች ሞልተዋል። ባጃጅ ነጂው ወይም መንገድ ላይ ያገኛችሁት ትሁት ወጣት በነፃ ይወስዳችኋል። እውነተኛው የሕንድ ቱሪዝም ቢሮ 88 ጃንፓት ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያዙት። «ዛሬ ቀይ ምሽግ ዝግ ነው፣ ሰልፍ አለ፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» ያለ ሁሉ ደግሞ ወደ ሱቅ እየወሰዳችሁ ነው። በእርግጥ የሚዘጋበትን ቀን ከራሳችሁ ጋር ያዙ፦ ቀይ ምሽግ፣ የሎተስ ቤተ መቅደስና የአክሻርዳም ቤተ መቅደስ ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸው። ጃማ መስጊድ በስግደት ሰዓት ለጎብኚ አይከፈትም፤ ዓርብ ቀትር ላይማ አትሞክሩት። ቁጥብ ሚናርና የሁማዩን መቃብር በየቀኑ ክፍት ናቸው። ስለዚህ ባዶው ቀናችሁ ሰኞ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ይዛችሁ አትጨነቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው አማራጭ። መኪናውን ስትይዙ መጀመሪያ ታርጋውን እዩ፦ ለኪራይ የተፈቀደለት መኪና ቢጫ ታርጋ ላይ ጥቁር ጽሑፍ አለው፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ጽሑፍ። ነጭ ታርጋ የግል መኪና ነው፣ «የወንድሜ ነው፣ ንጹሕ ነው» ቢላችሁም አትግቡ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚረሳው ጉዳይ፦ 80ው ኪሎ ሜትር ከየት ይቆጠራል? ብዙዎቹ ከጋራዥ እስከ ጋራዥ ነው የሚቆጥሩት። ጋራዡ ከእናንተ 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ መምጫና መመለሻው 40 በላ ማለት ነው፤ ሰዓቱም እንደዚያው። ማታ ላይ ለተጨማሪው ኪሎ ሜትርና ሰዓት ሲጠይቋችሁ ክርክር ቢጀመር የሚያሸንፈው ሾፌሩ ነው፣ ምክንያቱም ሕጉ የነሱ ነው። ከማረፊያችሁ በር እንዲቆጠር አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ እምቢ ካሉ ቅርብ ጋራዥ ያለው ፈልጉ። ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ውስጡ አለ ወይስ የለም? ኤሲስ? በግንቦትና በሰኔ ዴልሂ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ኤሲዋ የማታቀዘቅዝ መኪና በነፃም ውድ ናት። ከመነሳታችሁ በፊት አስከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡበት። ዊልቼር ካለ ደግሞ በጋዝ የምትሄድ ትንሽ መኪና አትቀበሉ፤ ወይ ጣሪያዋ ላይ መጫኛ ያላት ትሁን ወይ የዕቃ ቦታው ባዶ የሆነ ኢኖቫ ያዙ። በቀን 1,000 ሩፒ ይጨምርባችኋል፣ ለአክስቴ ጉልበት ግን ያዋጣ ነበር።

አስጎብኚውን ለግማሽ ቀን ብቻ ያዙት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም ድካሙም ስለሚይዛችሁ ታሪክ የሚሰማ ጆሮ አይኖራችሁም። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከቱሪዝም ሚኒስቴር የተሰጠ፣ ፎቶና ማብቂያ ቀን ያለው መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ለግማሽ ቀን 2,000 ሩፒ አካባቢ ይጠይቃል፤ እንደ ሰዉ ብዛትና እንደ ቋንቋው ይለያያል። መግቢያ በር ላይ የሚከቧችሁ «ጋይድ፣ ጋይድ» ባዮች ከዚህ በታች ይጠይቃሉ፣ መታወቂያ አሳዩኝ ስትሏቸው የሚያሳዩት የሆነ የተለበጠ ወረቀት ነው።

እኔ አስጎብኚ የምፈትንበት የራሴ ጥያቄ አለኝ፦ «ያቁት ማን ነበር?» ቁጥብ ሚናርን የጀመረው ቁጥብ ኡድ-ዲን አይባክ፣ የቀጠለው ኢልቱትሚሽ ነው፤ ይሄን ሁሉም ይነግራችኋል፣ ሚናሩ 73 ሜትር ይረዝማል፣ ብረቱ ዓምድ ዝገት አልበላውም እያለ። ግን እዚያው ግቢ ውስጥ የተቀበረው ኢልቱትሚሽ ራዚያ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ ከ1236 እስከ 1240 ዴልሂን የገዛች ሴት ሱልጣን። የፈረሶቿ አለቃ፣ በኛ አነጋገር ባልደራሷ፣ ጀማል ኡድ-ዲን ያቁት የሚባል ሐበሻ ነበር። ሐበሻው ከፍ ከፍ ማለቱ የቱርክ መኳንንቱን አንገበገባቸው፤ አመፁ፣ እሱም ተገደለ። ይሄን ያለ ስልክ የሚተርክላችሁ አስጎብኚ ካገኛችሁ ለግማሽ ቀን ሳይሆን ለሙሉ ቀን ክፈሉት። የራዚያ ነው የሚባለው መቃብር አሮጌው ዴልሂ፣ ቱርክማን በር አጠገብ ጠባብ ጉራንጉር ውስጥ ተደብቋል፤ ያለ አስጎብኚ አታገኙትም፣ መኪናም አይደርስበትም።

አሮጌው ዴልሂ ላይ እንደውም መኪናችሁ ምንም አይጠቅማችሁም። የቻንድኒ ቾክ ዋና ጎዳና ከ2021 ጀምሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ለሞተር ተሽከርካሪ ዝግ ነው። መኪናው ከቀይ ምሽጉ ወዲያ ይቆምና በእግር ወይም በብስክሌት ሪክሾ ትገባላችሁ፤ ሪክሾውን ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ፣ «የወደዳችሁትን» የሚል ሰው መጨረሻ ላይ የሚወደውን ያውቃል። ካሪ ባኦሊ የቅመም ገበያ ድረስ ግቡ። ቁንዶ በርበሬው፣ እርዱ፣ ሄሉ በጆንያ ተከምሮ ስታዩ የገበያው ማስነጠስ መርካቶን ያስታውሳችኋል።

መግቢያ ትኬት ላይ ደግሞ ማንም ሊያታልላችሁ አይገባም። የውጭ ዜጋ ቁጥብ ሚናርና የሁማዩን መቃብር ለእያንዳንዳቸው 600 ሩፒ ይከፍላል፤ ሕንዳዊ የሚከፍለው ከ50 ሩፒ አይበልጥም። ቀድማችሁ በኢንተርኔት ብትገዙ 50 ሩፒ ይቀንሳል። የሳርክ (የደቡብ እስያ ማኅበር) አገሮች ዜጎች በሕንዳዊ ዋጋ ይገባሉ፤ እኛ የለንበትም። ሾፌሩ «በሕንድ ትኬት ላስገባችሁ» ካለ በሩ ላይ የምትዋረዱት እናንተ ናችሁ። ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ፣ ፓስፖርታቸውን ያዙ። ነፃ የሆኑትም ብዙ ናቸው፦ ኢንዲያ ጌት፣ ራጅ ጋት፣ የሎተስ ቤተ መቅደስ፣ የባንግላ ሳሂብ ጉርድዋራም (የሲኮች ቤተ መቅደስ)። ጉርድዋራው ውስጥ ለመጣ ሁሉ ምሳ በነፃ ይቀርባል፤ ራስ መሸፈንና ጫማ ማውለቅ ብቻ ነው። ጾም ላይ ላላችሁ ግን፣ ሕንዶች «ቬጅ» የሚሉት ሥጋ የሌለውን እንጂ ወተትና ቅቤ የሌለውን አይደለም፤ ጠይቁ።

ለሦስት ሰው ደምሩት፦ መኪና 2,300፣ አስጎብኚ 2,000፣ ፓርኪንግ 200፣ ሁለት ቦታ ትኬት 3,600፣ ሪክሾ 300፣ ለሾፌሩ ጉርሻ 300። 8,700 ሩፒ ይመጣል፣ ለነፍስ ወከፍ 2,900። የ1,500ው ጥቅል ትኬት፣ ፓርኪንግና ጉርሻ ሲጨመርበት 5,600 ይሆናል። ልዩነቱ 3,100 ነው፣ ያ የቀለጠ ሻርፕ ብቻውን 6,000 ነበር። ሱቅ ውስጥ ያለቀውን ግማሽ ቀን ገና አልቆጠርኩም።

ሦስተኛውን በአጭሩ፦ ወጣት ከሆናችሁና በሽተኛ ከሌለ ሜትሮው ግሩም ነው። ከ70 ሩፒ በታች ከዳር ዳር ያደርሳል፣ ላል ቂላ ጣቢያ ስትወጡ ቀይ ምሽጉ ፊት ለፊታችሁ ነው። ከጣቢያ ወደ ቦታው ለመሄድ ባጃጅ (እነሱ አውቶ ይሉታል) በቆጣሪ ሂዱ፤ በ2023 በወጣው ታሪፍ የመጀመሪያው 1.5 ኪሎ ሜትር 30 ሩፒ፣ ከዚያ በኪሎ ሜትር 11 ነው። ቆጣሪ አይሠራም ሲል ቀጣዩን አስቁሙ። አስጎብኚውን ግን ያኔም አትሰርዙት፣ ከመኪናው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ታጅ ማሃልን በዚያው ቀን በመኪና ልሂድ ለሚል፦ አልመክርም። ለመሄድ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ለመመለስም ያው ነው። ጋቲማን የሚባለው ባቡር ከኒዛሙዲን ጣቢያ ተነስቶ 100 ደቂቃ ግድም ይወስዳል፤ መኪናና አስጎብኚ እዚያው አግራ ያዙ። ዓርብ ታጅም ዝግ ነው፣ ባቡሩም አይሄድም። ለውጭ ዜጋ መግቢያው 1,100፣ መቃብሩ ውስጥ ለመግባት 200 ይጨመራል።

ለመኪናው ባለቤት ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይሄን በጽሑፍ ጠይቁት፦ «ታርጋው ቢጫ ነው? ኪሎ ሜትሩ ከኔ በር ይቆጠራል? ፓርኪንግ ውስጡ ነው? ዊልቼር ይገባል? ሱቅ አንሄድም፣ ተስማምተናል?» ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ከዘገየ ሌላ ባለ መኪና ደውሉ።