አስቀድሞ መመረጥ ወይስ ነጻ ፈቃድ?

ፒያሳ ቡና ይዘው የሚከራከሩ ወጣቶች ደጋግመው ያነሱታል፦ የምድነው እግዚአብሔር ስለመረጠኝ ነው ወይስ እኔ እሺ ስላልሁ?

ጥቅስ፦ የካልቪን ወገን (የሚድኑትን እግዚአብሔር አስቀድሞ መርጧል የሚለው) ሮሜ 9ን ይዞ ይቆማል። የአርሚንየስ ወገን (ሰው ጸጋውን ሊቀበል ወይም ሊገፋ ይችላል የሚለው) 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4ን፤ እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ እንዲድኑ ይወዳል። በኔዘርላንድ የተደረገው የፕሮቴስታንቶች ጉባኤ፣ የዶርት ሲኖዶስ (እ.ኤ.አ. 1618–1619)፣ ለፊተኛው ቢፈርድም ክርክሩ አልበረደም።

ጥቅም፦ የእግዚአብሔር ምርጫ ያሳርፋል፤ የሰው ፈቃድ ለንስሐ ያነሣሣል።

ስጋት፦ አንዱ ሲበዛ ስንፍና፣ ሌላው ሲበዛ ጭንቀት። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ስንፍናው ነው።

እዚያው አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ የሚሳለመውን ምእመን ብትጠይቁት፣ ቤተ ክርስቲያኑ የምታስተምረው ጸጋና የሰው ፈቃድ አብረው እንደሚሠሩ ነው፤ ለነጻ ፈቃዱ ወገን ይቀርባል።

በኃጢአቱ ተስፋ ለቆረጠ ወንድም ከእግዚአብሔር ፍቅር የሚለየን የለም የሚለውን ሮሜ 8ን አነብለታለሁ። «ከተመረጥሁ ይበቃኛል» ብሎ ለተኛው ግን መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ የሚለውን ፊልጵስዩስ 2፥12ን።