አንድ ሰርቨር፣ ብዙ ሠራተኛ፦ የትኛውን የሪሞት ዴስክቶፕ መንገድ እንግዛ?

ዋናው ቢሮ ቦሌ ነው እንበል። መጋዘኑ ቃሊቲ፣ ሱቁ መርካቶ፣ አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ አዳማ። ሒሳቡ ዋናው ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ በፒችትሪ ይሠራል። የአዳማዋ ሒሳብ ሠራተኛ የዕለት ሽያጯን በኤክሴል ጽፋ በቴሌግራም ትልካለች። ቦሌ ያለው ልጅ ያንኑ ቁጥር ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ ያስገባል። ወር ሲዘጋ የሁለቱ ቁጥር አይገጥምም። የእናንተም ቢሮ እንዲህ ከሆነ፣ መፍትሔው ሁሉም ባለበት ሆኖ ሰርቨሩ ውስጥ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ይህ ሪሞት ዴስክቶፕ ይባላል። መንገዱ ግን ብዙ ነው፤ ዋጋውም ጣጣውም ለየቅል።

"ኤኒዴስክ አለን እኮ" የሚል አይጠፋም። ኤኒዴስክና ቲምቪወር የተሠሩት ለሌላ ሥራ ነው። አንዱን ስክሪን ሁለት ሰው ያየዋል፤ አዳማ ያለችው ማውሱን ስትይዝ ቦሌ ያለው እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። የአይቲ ባለሙያው ከቤቱ ሆኖ ችግር ለመፍታት ይበቃዋል። እኛ የምንፈልገው አምስትም አሥርም ሰው በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በራሱ ስምና ፓስዎርድ፣ በራሱ ዴስክቶፕ እንዲሠራ ነው።

"ቪፒኤን ዘርግተን ፎልደሩን ሼር ብናደርግስ?" ቪፒኤን በኢንተርኔት ውስጥ የሚዘረጋ የተዘጋ የግል መስመር ነው። ይህ መንገድ ለወርድና ለኤክሴል ያስኬዳል። ለፒችትሪ አልመክርም። ፕሮግራሙ አዳማ፣ ዳታው ቦሌ ሲሆን እያንዳንዱ ምዝገባ በኢንተርኔት ሲመላለስ ይውላል። መስመሩ በምዝገባ መሃል ከተቆረጠ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ግን ፕሮግራሙም ዳታውም እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ናቸው። በመስመሩ የሚሄደው የስክሪኑ ምስል፣ የኪቦርዱና የማውሱ ምልክት ነው።

ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ መብራት ሲሄድ ይታያል። አዳማ ላይ ሠራተኛዋ ሠላሳ መስመር ያለው ኢንቮይስ እየሞላች ሃያኛው ላይ መብራት ጠፋ። የእሷ ኮምፒውተር ድርግም አለ። ሰርቨሩ ላይ ግን ኢንቮይሱ እንደተከፈተ ነው። መብራት ሲመጣ፣ ወይም ላፕቶፕ አውጥታ በስልኳ ሆትስፖት ስትገባ፣ ሃያኛው መስመር ላይ ትቀጥላለች። ዩፒኤስና ጀነሬተር የግድ የሚያስፈልገው የቦሌው ሰርቨር ነው። ካቆሙበት መቀጠሉ ከታች በማነሳቸው መንገዶች ሁሉ ይሠራል፤ ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

ዊንዶውስ ሰርቨር፦ ውድ፣ ግን ፒችትሪን የሚያሠራ

ዊንዶውስ ሰርቨር እንደተጫነ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ሪሞት ይፈቅዳል። እሱም ሰርቨሩን ለማስተዳደር እንጂ የዕለት ሥራ ለመሥራት አይደለም። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ የሚባለውን ክፍል መጫን፣ ካል የሚባለውንም ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። ካሉ ሁለት ነው። አንዱ ዊንዶውስ ሰርቨሩን ለመጠቀም፣ ሁለተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ ለመሥራት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ አንዱ ሻጭ ከሌሎቹ በጣም ከረከሰባችሁ፣ መጀመሪያ ሁለቱም ካሎች መጻፋቸውን እዩ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ካል ሳይገባም ሲስተሙ 120 ቀን ይሠራል። ሻጩ ገጥሞ፣ አሳይቶ፣ ቀሪ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። አራት ወር ሲሞላ አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ "ሲስተም የለም" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሰርቨሩ የተበላሸ ይመስላል። ምንም አልሆነም፤ የእፎይታ ጊዜው ነው ያለቀው። ስለዚህ ርክክብ ላይ የሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንሲንግ ማኔጀሩን አስከፍታችሁ የካሎቹን ቁጥር በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ፈርሙ።

ካል በሰው ወይም በመሣሪያ ይገዛል። ሦስት ገንዘብ ያዦች በፈረቃ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከሠሩ አንድ የመሣሪያ ካል ይበቃል። ሥራ አስኪያጁ ግን ቢሮ በዴስክቶፕ፣ ቤት በላፕቶፕ፣ መንገድ ላይ በስልክ የሚገባ ከሆነ በሰው ይገዛለት። ችግሩ በሰው የሚገዛው ካል አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ማለትም የሠራተኞችን ስምና ፓስዎርድ በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ዶሜይን፣ መፈለጉ ነው። ዶሜይን የሌለው ትንሽ ቢሮ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ላይ የሰው ካል ከጫነ፣ ሠራተኛው በገባ በ60 ደቂቃ ይባረራል። ዶሜይን ከሌላችሁ የመሣሪያ ካል ግዙ፣ ወይም ዶሜይን አስተክሉ። የካሉንም ዘመን እዩ። የ2022 ካል ለ2019 ሰርቨር ይሠራል፤ የ2019 ካል ለ2022 ሰርቨር አይሠራም።

ኤክሴልም ሰርቨሩ ላይ ይኑር ካላችሁ ሌላ ሒሳብ አለ። ከሱቅ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚገዛው ተራ ኦፊስ እንዲህ ዓይነት ሰርቨር ላይ አልሠራም ይላል። ለድርጅት የሚሸጠውን፣ ወይም በጋራ ኮምፒውተር ላይ መጠቀም የሚፈቅደውን የማይክሮሶፍት 365 ዓይነት መግዛት አለባችሁ። ሥራችሁ ተራ ሠንጠረዥና ደብዳቤ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ይበቃል፤ ነፃ ነው።

ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስን የሚተኩ፣ ቲኤስፕላስን የመሳሰሉ አማራጮችም አሉ። አጫጫናቸው ቀላል ነው፣ በብራውዘር መግባትም ያስችላሉ። "ካል አያስፈልግም" ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ። በማይክሮሶፍት ውል የዊንዶውስ ሰርቨርን ዴስክቶፕ ከርቀት የሚጠቀም ሰው በየትኛውም ቴክኖሎጂ ቢገባ የሪሞት ዴስክቶፕ ካል ይጠየቅበታል። ስለዚህ ስታነጻጽሩ የካሉን ዋጋ በሁለቱም በኩል ደምሩ።

የፒችትሪው ፈቃድም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለአምስት ተጠቃሚ የተገዛ ከሆነ አሥር ካል ብትገዙም የሚከፈተው ለአምስት ሰው ነው። የገዛችሁት ዓይነት በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨር ላይ መሥራት ይፈቀድለት እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

"ዊንዶውስ 10 ላይ በነፃ ልሥራላችሁ" ለሚላችሁ

እንዲህ የሚል ልጅ በየሰፈሩ አለ። ዊንዶውስ 10ም 11ም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት አንድ ሰው ነው። ራፐር የሚባለውን ነገር ጭኖ ገደቡን መስበር ይቻላል። ግን ከውል ውጭ ነው። ከዚያም በላይ ዊንዶውስ አፕዴት ባደረገ ቁጥር ሊሰበር ይችላል። አፕዴቱን ካጠፋችሁት ደግሞ ለጥቃት በራችሁን ከፈታችሁ። ዊንዶውስ 10 እንደሆነ መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። የድርጅት ሒሳብ የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም።

ሊኑክስ፦ ካል የሌለበት

ሥራችሁ በብራውዘር የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኦዱ (የድርጅት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም)፣ ኢሜይልና ሊብሬኦፊስ፣ ለዊንዶውስ ካል ገንዘብ ማውጣት ምን አመጣው? ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለ ነፃ ሊኑክስ ላይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዴስክቶፕና ከርቀት የሚያስገባውን ኤክስአርዲፒን መጫን ይበቃል። ለተጠቃሚ ቁጥር ክፍያ የለም፤ የሚወስነው የሰርቨሩ አቅም ነው። ቅርንጫፍ ያለው ዊንዶውስ ኮምፒውተርም ምንም ሳይጨመርበት፣ አብሮት በመጣው ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን ይገባል።

የሚያናድደው ጥቁር ስክሪን ነው። አንድ ሰው ሰርቨሩ ፊት ተቀምጦ በስሙ ገብቶ ሳለ፣ በዚያው ስም ከርቀት ሲገባ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ብቻ ያያል። መፍትሔው እዚያ ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ሰው የተለየ ስም እንዲኖረው ማድረግ ነው። መስመራችሁ ደካማ ከሆነ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ መስመር) በኩል የሚሄደውን፣ ኤክስቱጎ የተባለውን የሪሞት ፕሮግራምም ሞክሩት፤ እሱ ግን በየኮምፒውተሩ መጫን ይፈልጋል። ፒችትሪን እዚህ ላይ አሠራለሁ ብላችሁ ግን አትድከሙ። የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ በሚከፍተው በዋይን ተከፍቶ ቢታይም የድርጅት ሒሳብ በዚያ አይያዝም።

አፓቺ ጓካሞሌ የሚባል ነፃ መግቢያም አለ። ሠራተኛው ብራውዘር ከፍቶ፣ ፓስዎርድ አስገብቶ ዴስክቶፑን ያገኛል። ከኋላው ያለው ሰርቨር ሊኑክስም ዊንዶውስም ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ከሆነ ካሉ እንዳለ ነው።

ክላውድ፦ በዶላር የሚከፈል

ክላውድ ማለት በኢንተርኔት የምትከራዩት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ነው። የማይክሮሶፍቱ አዙር ቨርቹዋል ዴስክቶፕ አንድን ዊንዶውስ 11 ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። ዊንዶውስ 365 ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኮምፒውተር በወር ኪራይ ነው። ሰርቨር መግዛት፣ ማቀዝቀዝ፣ ጀነሬተር ማስነሳት ቀረ። ጥሩ ነው።

ሒሳቡ ግን የሚመጣው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። በወር 300 ዶላር የሚከፍል ድርጅት ከ17 ሺህ ብር ወደ 30 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው። አንድም ሠራተኛ ሳይጨምር።

ሁለተኛው ነገር መስመር ነው። ሰርቨሩ ቦሌ ሲሆን ኢንተርኔት ቢጠፋም ቦሌ ያሉት በቢሮው ኔትወርክ ይሠራሉ። ክላውድ ላይ ከሆነ ዋናው ቢሮም ይቆማል። ፍጥነቱንም ሳትለኩ አትፈርሙ። ማይክሮሶፍት የሚመክረው ምልክቱ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ከ150 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ነው። ጆሃንስበርግና ዱባይ የአዙር ማዕከል አለ፤ ካርታ ላይ ቅርብ የሆነው በመስመር ቅርብ ላይሆን ስለሚችል ሁለቱንም ሞክሩ።

ክላውድ የሚያዋጣው ገቢው በዶላር ለሆነና ሠራተኛው ለተበታተነ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የታክስና የሒሳብ ቢሮ አዲስ አበባ ሦስት ሠራተኛ፣ ዱባይ አንድ ካለው፣ ሰርቨር ገዝቶ ምድር ቤት ውስጥ ከሚያስቀምጥ ይህን ቢከራይ ይሻለዋል።

የትኛውንም ብትገዙ

በራሳችሁ ሰርቨር የምትሠሩ ከሆነ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ መተው ቀልድ አይደለም። ፓስዎርድ እየገመቱ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ይህንኑ ፖርት ሲፈልጉ ነው የሚውሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፉ ላበቃው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቷል። ነገሩ ምን ያህል እንዳሳሰበው ከዚህ እዩ። "ፖርቱን ቀይረነዋል" የሚል መልስ አያሳምናችሁ። ለትንሽ ቢሮ ዋየርጋርድን የመሰለ ቪፒኤን ይበቃል፤ ቦሌ ላይ ቋሚ የሕዝብ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) ይኑር እንጂ ቅርንጫፉ በ4ጂ ቢገባም ችግር የለውም። ሰፋ ላለ ድርጅት የዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ጌትዌይ በፖርት 443 ያስገባል።

ለአሥር ሰው 32 ጊጋ ራም እና ሁለት ኤስኤስዲ በሚረር (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) እንዲሆን እመክራለሁ። ሠራተኛው የመስኮቱን ኤክስ ተጭኖ ሲወጣ ሴሽኑ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ የከፈተው ሥራ፣ እንደማይዘጋ አስረዱት፤ ራሙን ይዞ ያድራል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። ሰዓቱን ግን አታሳጥሩት፤ መብራት የሄደባት ልጅ ኢንቮይሷን እንድታገኘው።

ፕሪንተር ላይ ዶት ማትሪክስ የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ፕሪንተሩ ድራይቨር በሚያሳትመው በኢዚ ፕሪንት በኩል ሲልክ ጽሑፉን እንደ ምስል ስለሚያደርገው ማሽኑ እያቃሰተ ነው የሚያትመው። የፕሪንተሩ የራሱ ድራይቨር ሰርቨሩ ላይ ቢጫን ይሻላል። የአማርኛ ኪቦርድም እንዲሁ፤ በሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተጭኖ ሰርቨሩ ላይ ላይሠራ ይችላል። ሰርቨሩ ላይ ጫኑት። ሊኑክስ ላይ አይባስ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም በኩል አማርኛ መጻፍ ይቻላል።

ፒችትሪ ላለውና ሠራተኛው አገር ውስጥ ለሆነ ቢሮ የእኔ ምርጫ ዊንዶውስ ሰርቨር በራስ ግቢ፣ ከቪፒኤን ኋላ ነው። ሥራው ሁሉ በብራውዘር ለሆነ ደግሞ ሊኑክስ፤ ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ በእጃችሁ ካለ። ከመግዛታችሁ በፊት የዊንዶውስ ሰርቨርን የ180 ቀን የሙከራ ቅጂ በነፃ አውርዳችሁ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስጭኑ። ሙከራውን ግን ወር ሲዘጋ፣ ሁሉም ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ላይ በሚገባበት ቀን አድርጉት፤ አዳማዋንም ጨምሩ፣ ፕሪንተሩንም አሳትሙ።