ቪትዜን ቁጭ ብሎ ላዳመጣት ልጅ

እኔ ራይድ የምሠራ ሰው ነኝ። በቀን አሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ። ሬዲዮ ለኔ ጌጥ አይደለም፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል።

ቪትዜ ከጃፓን ይዛው የመጣችው ቴፕ ነበራት። የዚያ ዘመን የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚይዘው። የኛዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። ጣቢያውን ዝቅ አድርጋ የምታመጣ ትንሽ ዕቃ አንቴናው ላይ ተገጥማላት ነበር፣ ግን ፉጨቷ አያስወራም። ሲሰለቸኝ አንድ የመኪና ዲኮር ቤት ገብቼ በቴፑ ቦታ አንድሮይድ ስክሪን አስገጠምኩ።

ስክሪኑ ያምራል። ድምፁ ግን የቆርቆሮ ነው። ከፍ ሳደርገው ይቀደዳል፣ ዝቅ ሳደርገው አይሰማም። "እባክህ ሾፌር፣ ቀንስልን" ያላለኝ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ በሳምንት ሁለቴ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይጠብቀኛል። የግቢያችን ሰዎች ገና ሲያዩኝ የባትሪ ገመድ ይዘው መውጣት ጀምረው ነበር። ተመልሼ ብሄድ "ስፒከሮችህ አርጅተዋል፣ ባትሪህም ደክሟል" ተባልኩ። አምፕሊፋየር (የድምፅ ኃይል ማጉያ)፣ ውፈር (የወፍራም ድምፅ ትልቅ ስፒከር)፣ አራት ስፒከርና አዲስ ባትሪ ደምረው 45,000 ብር ጠሩልኝ። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ።

አንድ የሥራ ጓደኛዬ ነው ጎፋ አካባቢ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ ልጅ ጋ የላከኝ። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ገረመኝ። ምንም ሳይፈታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና አዳመጠ። ድምፁን ወደ ግራ ብቻ ላከው፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ብቻ፣ ከዚያ መሃል። "ጋሼ፣ ሰምተኸዋል? ለየብቻ ሲሆኑ ወፍራም ድምፅ አለ። አንድ ላይ ሲሆኑ ይጠፋል።" እኔ እንኳ አልሰማሁም ነበር፣ ግን ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ አወጣ። የበሩን ሽፋን ፈትቶ የስፒከሩን ሁለት ሽቦ በድንጋዩ ነካ አደረገ። የግራው ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ገፋ። የቀኙን በዚያው አያያዝ ሲነካው ወደ ውስጥ ገባ። አንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ነው የታሰረው። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፣ ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ ይጠፋል። ይህን ለማስተካከል አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ባትሪውስ? ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ሽቦ አሳየኝ። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያገኛል፣ ሰዓትና ጣቢያ እንዳይጠፋ። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ኃይል ማግኘት ያለበት። የኔዎቹ ሁለቱም አንድ ላይ ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ስለዚህ እኔ ስተኛ ስክሪኑ አይተኛም። ለያይቶ በየዳቸውና በፊውዝ አሰራቸው። አዲስ ባትሪ ግዛ የተባልኩት ለዚህ ነበር!

ገንዘብ ያወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። ከኋላ ያሉትን ስፒከሮች አትንካቸው አለኝ፣ የምትሰማው አንተ ነህ፣ ከፊት ነው የተቀመጥከው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦርጅናል የፊት ስፒከር፣ ስድስት ተኩል ኢንች፣ በ6,500 ብር ገዛሁ። ምን እንደማይ በስልክ ነገረኝ። የወረቀቱ ዙሪያ እንዳልተሰነጠቀ በጣት ዳስሰው፣ ቀስ ብለህ ስትገፋው እንዳይፈገፍግ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር ያለው ሰው ካገኘህ የሽቦውን መቋቋም ለክቶ 3 ተኩል ገደማ ኦም ያንብብልህ። አጠገቡ "400 ዋት" የተጻፈበት የሚያብረቀርቅ አዲስ ካርቶን ነበር። ዓይኔ ሄዷል፣ አልዋሽም። "ጋሼ፣ ዋቱ የሚጮኸው ካርቶኑ ላይ ነው" አለኝ። ስክሪኑ ለአንድ ስፒከር ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም፣ ስለዚህ በትንሽ ኃይል ጎላ ብሎ የሚጮህ ስፒከር ነው የሚያስፈልገው።

እኔን ግን ያሳመነኝ የበሩ ሥራ ነው። የበሩ ሽፋን ሲነሳ ብረቱ ወንፊት ነው፣ ትላልቅ ቀዳዳዎች አሉት። ከስፒከሩ ኋላ የሚወጣው ድምፅ በዚያ ዞሮ የፊቱን ያጠፋዋል። አንድ ጎኑ ሬንጅ የሚመስል፣ ሌላው አሉሚኒየም የሆነ የሚለጠፍ ንጣፍ አለ። ብረቱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀዳዳዎቹን ደፈነበት። ከበሩ ታች ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን ሆን ብሎ ተዋቸው። የክረምት ውኃ የሚወርድባቸው ናቸው፣ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። ንጣፉ 1,800 ብር፣ የእጅ ዋጋው 2,500። ድምሩ 10,800 ብር።

በመጨረሻ ስክሪኑ ውስጥ ገብቶ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው በጣም ወፍራም ድምፅ ወደ በሩ ስፒከር እንዳይሄድ ቆረጠው። ድምፁ ይቀደድ የነበረው አንድም በዚህ ነው፣ ትንሽ ስፒከር ከአቅሙ በላይ ሲታዘዝ።

አሁን በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፁ ሌላ መኪና ይመስላል። በጾም በገና ስከፍት የጅማቱ ንዝረት ለብቻው ይሰማኛል። ድሮ እሱን የጣቢያው ብልሽት ነበር የሚመስለኝ። ባለፈው አንዲት እናት ከመገናኛ እስከ ሳሪስ ዜና ሲያዳምጡ ሄደው "ልጄ፣ ትንሽ ጨምርልኝ" አሉኝ። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ነው።

እንከኑንም ልንገራችሁ። ቀጠሮ አያከብርም። ሦስት ሰዓት ብሎኝ አምስት ሰዓት ላይ መጣ፣ ሥራው ደግሞ እስከ አሥራ አንድ ወሰደ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ሰፈር የሚያናውጥ ውፈር የምትፈልጉም እሱ ጋ አትሂዱ፣ ይመክራችሁና ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ብቻውን ነው የሚሠራው። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እሰጣለሁ። ስትሄዱ መኪናችሁን አጽድታችሁ ሂዱ። የኔ ወንበር ሲነሳ ከሥሩ የወጣውን ነገር ለማንም አልናገርም።