«ዕዳ ውስጥ አትገቢም» ያለኝ የነርስ ትምህርት ቤት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ ሌሊቱን አረጋውያን ስታገላብጡ አድራችሁ ቀን አር ኤን፣ ማለት ፈቃድ ያለው ነርስ፣ ለመሆን የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን አንብቡት። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። የቢሮ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስት ክፍል፣ እግር የሌለው የልምምድ አሻንጉሊት፣ ግድግዳው ላይ ጋዋን የለበሱ ምሩቃን ፎቶግራፍ። በር ላይ የሚቀበላችሁ ደግሞ የራሳችን ሰው ነው። «እህቴ፣ እዚህ አገር ስንቱ በትምህርት ብድር ታንቆ እንደሚኖር ታውቂያለሽ። እኛ ጋ ብድር የለም፣ ወለድ የለም። በየወሩ ትከፍያለሽ፣ ስትጨርሺ ነፃ ሰው ነሽ» አለኝ። እኔም መረቅሁት! የአርባ ሦስት ዓመት ሴት፣ ሁለት ልጆች የማሳድግ፣ ዕዳ እንደ እባብ የምፈራ። የእቁቡን ዳኛ ለምኜ ተራ አስቀይሬ 12,000 ዶላር አስረከብሁት። ቀሪውን በወር 900 ዶላር፣ ለአሥራ አራት ወር፣ በመኒ ኦርደር።

ብድር የሌለው ለእኔ ታዝኖ አይደለም ለካ። የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታና ብድር የሚሰጠው፣ መንግሥት ከሚያውቀው አካል አክሪዲቴሽን፣ ማለት የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ፣ ላገኘ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ይሄኛው የለውም። ጉድለቱን እንደ ውለታ ሸጠልኝ።

ደግሞ አልጠየቅሁም እንዳትሉኝ። «እውቅና አለው ወይ?» ብዬዋለሁ። «እንዴታ! የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ያጸደቀው ነው» ብሎ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አሳየኝ። አልዋሸም። በአማርኛ «እውቅና» ስንል ሁሉንም በአንድ ቃል እንጠቀልላለን፤ እዚህ ግን የቦርድ ፈቃድ ሌላ፣ አክሪዲቴሽን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ለፈተና መቀመጥ ይቻላል። ሁለተኛው ከሌለ ግን የመንግሥት እርዳታ የለም፣ የተማራችሁትን ኮርስ (ክሬዲቱን) ሌላ ኮሌጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። በ2023 መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ መሸጡ ሲሰማ «እኔስ ክፍል ገብቼ፣ ላቤን አፍስሼ ነው የምማረው» ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ሞኝነቴ!

ማክሰኞ ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ። የመጨረሻውን 900 ዶላር ይዤ ሄድሁ። መኒ ኦርደሩን ተቀበለ፣ ደረሰኝ ቆረጠ፣ መሳቢያውን ቆለፈ። «ስሜን ለቦርድ መቼ ትልኩልኛላችሁ?» አልሁት። ትምህርት ቤቱ መጨረሴን ካላረጋገጠ ኤንክሌክስን፣ ማለት የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ መፈተን አልችልምና። ያን ጊዜ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በእንግሊዝኛ ጀመረኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ «እህቴ» ሲለኝ የኖረ ሰው! የትምህርት ቤቱ የራሱ የመውጫ ፈተና ማለፊያ ነጥብ ከዚህ ወር ጀምሮ ከፍ ብሏል፤ የእኔ ውጤት በሁለት ነጥብ ያንሳል፤ ስለዚህ አልጨረስሁም። የክለሳ ትምህርት 1,800 ዶላር፣ ድጋሚ ፈተና 150 ዶላር።

«አልፈሻል ብለኸኝ አልነበር?» አልሁት በአማርኛ። በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። የተማሪዎች መመሪያውን አውጥቶ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አኖረ፦ ትምህርት ቤቱ መመሪያውን በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ሳላነብ፣ በእርሱ እስክሪብቶ የፈረምሁት። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን እያየች «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ስወጣ አንዲት ወጣት ፖስታ በእጇ ይዛ ተራ ትጠብቃለች። «ነይ እህቴ፣ ግቢ» አላት። በአማርኛ።

አንድ ቃል ሳልተነፍስላት አልፌአት ወጣሁ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ቤት ገብቼ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። በቨርጂኒያ ደንብ አንድ የነርስ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚፈተኑት ተማሪዎቹ 80 በመቶ ማለፍ አለባቸው፤ በተከታታይ ካነሰ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ታዲያ ትወድቃለች ብለው የጠረጠሯትን ከፈተናው በር ላይ ያስቀሯታል፤ ያልተቀመጠች ከቁጥሩ አትገባም። በዚያውም የክለሳ ገንዘብ ይሰበስባሉ። በአካባቢዬ ላለው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ደውዬ ነበር፤ ከዚያ የተማርሁትን አንዱንም ክሬዲት አይቀበሉም።

ምክር ካላችሁኝ፦ የማለፍ መጠኑን ቦርዱ በድረ ገጹ በነፃ ያወጣዋል። እርሱን አይታችሁ ብቻ ግን አትመኑ፤ ስንት ተማሪ ገባ፣ ስንቱ ለፈተና ተቀመጠ ብላችሁ ጠይቁ። የፌዴራል እርዳታ ይቀበል እንደሆነም ሳትጠይቁ ገንዘብ እንዳታወጡ። መመሪያውን ደግሞ እንቅልፍ ተኝታችሁ ተነሥታችሁ አንብቡት።

አቤቱታዬን ዛሬ ጠዋት ለቨርጂኒያ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ልኬአለሁ። እቁቡን እስከ መጋቢት እከፍላለሁ።