6 ፐርሰንት የሚመልሰው ካርድ እኔ ቤት ስንት መለሰ?

ይህን ክሬዲት ካርድ ያስወጣችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። «አንቺ፣ ለግሮሰሪ 6 ፐርሰንት ይመልሳል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። አዲስ አበባ ግሮሰሪ ማለት ቢራ መጠጫ አይደል? «ለኔም አንድ አውጪልኝ» አለ።

ካርዱ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካሉ ሱፐርማርኬቶች ስትገዙ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ድረስ ከከፈላችሁት 6 ፐርሰንቱን ይመልሳል፤ ካሽ ባክ የሚሉት ይሄን ነው። ከዚያ በላይ 1 ፐርሰንት። ለቤንዚን 3 ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በነፃ ያስጠቅምና ከሁለተኛው ጀምሮ 95 ዶላር ያስከፍላል።

እኔም ዓመቱ ሊሞላ ሲል ደረሰኞቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ደረሰኝ አልጥልም፤ ባዶ የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማጠራቅመው፣ ሁሉም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጃይንት የሚባለው ሱፐርማርኬት ሄደን ወተት፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ የልጆቹን ሲሪያል ስንገዛ በሳምንት 65 ዶላር አካባቢ ይወጣል። በዓመት 3,380። የዚህ 6 ፐርሰንት 202 ዶላር ከ80 ነው። 95ቱ ሲቀነስ 107 ከ80 ይቀራል። የዚሁ ካርድ ታናሽ የሆነው ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ ደግሞ የዓመት ክፍያ የለውም፣ ለሱፐርማርኬት የሚመልሰው 3 ፐርሰንት ነው። በሱ ቢሆን 101 ከ40 ይመለስልኝ ነበር። ልዩነቱ 6 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ዓመት ሙሉ ለፍቼ አንድ ማኪያቶ!

በሳምንት ከ61 ዶላር በታች ሱፐርማርኬት የሚያወጣ ሰው እንዲያውም ከኤቭሪዴይ ጋር ሲወዳደር ይከስራል። 115 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ግን 6,000ዋን ይሞላታል፤ 95ቱን ከፍሎ 265 ዶላር ይቀረዋል። ቤተሰቡ ትልቅ ከሆነና ሁሉንም ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ከሆነ ይውሰደው፣ ጥሩ ካርድ ነው።

የእኛ የሐበሾች ችግር ግን ሌላ ነው። ብራችን የሚያልቀው ሱፐርማርኬት አይደለም። ሩዙ፣ ዘይቱ፣ ሥጋው በብዛት ከሚሸጠው ትልቅ መደብር፣ ከኮስኮ ነው። ኮስኮ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ እዚህ አሜሪካ የሚቀበለው ክሬዲት ካርድ ቪዛ ብቻ ነው። ዋልማርትና ታርጌትም ለዚህ ካርድ እንደ ሱፐርማርኬት አይቆጠሩም። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ቡናው ከሐበሻ ሱቅ ነው። እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ባለቤቱ ካርዴን ገና ሲያየው «እህቴ፣ እሱ ብዙ ይቆርጥብናል፣ ሌላ የለሽም?» አለኝ። ሌላኛው ሱቅ ተቀበለኝ። ደስ ብሎኝ ስቴትመንቱን፣ የወሩን የካርድ ሒሳብ መግለጫ፣ ሳየው የመለሰልኝ 1 ፐርሰንት። ለካ ሱቁ ከኋላ ክትፎ ስለሚሸጥ የተመዘገበው በምግብ ቤትነት ነው! ካርዱ የሚያየው የገዛችሁትን ዕቃ ሳይሆን ሱቁ የተመዘገበበትን የሥራ ዓይነት ነው። ሁለት ፌስታል እንጀራና አንድ ኪሎ ምስር ይዤ ወጥቼ፣ ካርዱ ግን ምሳ በልታ ወጣች ብሎ መዝግቦኛል።

ስለዚህ ደውዬ ካርዱን ወደ ኤቭሪዴይ ቀይሩልኝ አልኩ። ቀየሩልኝ። አልዘጋሁትም፤ የክሬዲት ስኮሬ (ባንኮች ብድር ከመስጠታቸው በፊት የሚያዩት ነጥብ) እንዲወርድ አልፈለግሁም።

አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ከፊት ያለው የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ ነው። የዓመት ክፍያ የለውም፣ ለማንኛውም ግዢ 2 ፐርሰንት ይመልሳል፣ ቪዛ ስለሆነ ኮስኮም ይሠራል። የትኛው ሱቅ በምን እንደተመዘገበ ማጣራት የለም። በጣም ነው የወደድኩት። ሁለተኛው የካፒታል ዋን ሴቨር ነው። እሱም የዓመት ክፍያ የለውም፣ ለግሮሰሪም ለምግብ ቤትም 3 ፐርሰንት ይመልሳል። ያ ክትፎ ቤት የሆነው ሱቅ በሱ ስከፍል አያናድደኝም፤ በየትኛውም ቢመዘገብ ያው ነው። አገር ቤት ስሄድም የምይዘው እሱን ነው። አክቲቭ ካሽ ከአሜሪካ ውጭ ሲከፈልበት 3 ፐርሰንት ይቆርጣል፣ ሁለቱ ብሉ ካሾች 2.7። ሴቨር ምንም አይቆርጥም። አዲስ አበባ 400 ዶላር የሆቴል ሒሳብ በአክቲቭ ካሽ ብትከፍሉ 12 ዶላር ይቆረጥባችኋል ማለት ነው።

አንድ የተቃጠልኩበትን ነገር ልንገራችሁ። ከእነዚህ በፊት የነበረኝ የሌላ ባንክ ካርድ ነው፣ ስሙን ተዉት። ለእናቴ በስልኬ ገንዘብ ልልክላት ስል ባንክ ውስጥ ያለኝ ትንሽ ስለነበር፣ 300 ዶላሩን በክሬዲት ካርዱ ከፈልኩ። ቢያንስ ካሽ ባክ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ስቴትመንቱ ሲመጣ እንደ ግዢ አልቆጠረውም፤ ካሽ እንዳወጣሁ ነው የቆጠረው። 15 ዶላር ክፍያ፣ በዚያ ላይ ወለዱ ከላክሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ግዢ ሲሆን እኮ ሙሉውን እስከ መክፈያው ቀን ከከፈላችሁ ወለድ የለም። ይሄ ግን አንድ ቀን አይጠብቅም። ካሽ ባኩም ዜሮ። ደውዬ ተጨቃጨቅሁ። ልጅቷ ትሕትናዋ ለጉድ ነው፣ «ውሉ ላይ አለ» ከማለት ግን ፈቀቅ አላለችም። ገብቼ አነበብኩት። አለ።

አሁን ለእናቴ የምልከው ከቼኪንግ አካውንቴ፣ ባንክ ካለኝ ከራሴ ገንዘብ ነው። ሦስቱም ካርዶች ኦቶፔይ ላይ ናቸው፣ ዕዳቸው በየወሩ በራሱ ይከፈላል፤ ዝቅተኛውን ክፍያ (ሚኒመሙን) ሳይሆን ሙሉውን። ዕቁቤን እንደ ድሮው በካሽ እጥላለሁ። ለዕቁብ 2 ፐርሰንት የሚመልስ ካርድ ያገኘ ካለ ግን ይጠቁመኝ፣ ዛሬውኑ ነው የማመለክተው።