የቫሳ መርከብ የእንጨት ሞዴል፦ ቀፎው ደህና፣ ክሩ የሚለወጥ፣ አድሚራሉ የተበደለ

በ1628 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ የሰመጠችውን የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳን በ1 ለ75 መጠን የሚያስገጣጥመው ሣጥን ጎንደር ሱቆች ውስጥ አይገኝም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚገባው። ያለቀው ሞዴል 92 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው 70 ይደርሳል፤ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ይታሰብ። እንጨቱ ጥሩ ነው፣ የቀለም መመሪያው አሮጌ ነው፣ አብሮ የሚመጣው የታሪክ ጽሑፍ ግን በአንድ ሰው ላይ ትልቅ በደል ይሠራል።

ሥራው የሚለየው ቀፎው፣ ማለትም የመርከቧ ገላ፣ ላይ ነው። አከርካሪው ረጅምና ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ በጉዞ ላይ ይጣመማል። ከማጣበቅ በፊት በሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች መካከል ተጨብጦ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ ቀጥታው በዓይን ሳይሆን በተወጠረ ክር ይለካ። እዚህ ላይ የታለፈች 1 ሚሊ ሜትር ሸራ የሚሸከሙት ተራዳዎች ሲቆሙ ከሩቅ ትታያለች። የጎን አጥንቶቹ ጠርዝ ዱላ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል፤ አንድ ስስ ጣውላ ከፊት እስከ ኋላ ሲጋደም ሁሉንም አጥንት ካልነካ ሥራው አላለቀም።

የመጀመሪያው ልባስ 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ነው። ወደ አፍንጫው የሚታጠፈው ጫፍ ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ይነከርና በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ያድራል፤ ኮላ የሚቀባው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። እርጥቡን ያጣበቀ ሰው ጣውላው ሲኮማተር ክፍተት ያገኛል። አንድ ጣውላ በግራ ከገባ ቀጣዩ በቀኝ ይግባ፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አከርካሪውን ይጎትተዋል። ሚስማሮቹ ከመመታታቸው በፊት በ0.7 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ካልተበጀላቸው ጣውላውን ይሰነጥቁታል።

ጎንደር ላይ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የጠጣ ጣውላ ኅዳር ላይ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ሣጥኑ ተከፍቶ ጣውላው የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ይሰንብት፤ ልባሱም ከጥቅምት በኋላ ይጀመር። ኮላው ከዚሁ ቢገዛ ይሻላል።

ከሣጥኑ የሚወጣው የናይለን ክር ጸጉር ስለሚያበቅልና ቋጠሮ ስለማይዝ ይጣል። ቅዳሜ ገበያ የሚገኝ ጥሩ የጥጥ ድር ተከርሮ፣ በጧፍ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ተጎትቶ፣ በጣት ሙቀት ሲታሽ ከዚያ ክር እጅግ ይበልጣል። በተራዳዎቹ ገመድ ላይ ያሉት የመወጣጫ እርከኖች ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። መርከቧን በሰመጠችበት ቀን ሁኔታ ማሳየት የሚፈልግ ሰው አሥሩንም ሸራ አይዘርጋ፤ ያን ቀን የተዘረጉት አራት ብቻ ነበሩ። የመድፍ መስኮቶቹ ግን ክፍት ይሁኑ፤ የስንብት ተኩስ ተተኩሶ ስለነበር አልተዘጉም፣ ውሃውም የገባው በታችኞቹ በኩል ነው።

የሣጥኑ ሥዕል የመርከቧን የኋላ ግንብ ሰማያዊ አድርጎታል። የድሮ ግምት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቀለም ጥናት መደቡ ቀይ፣ ቅርጾቹም በብዙ ደማቅ ቀለማት ያጌጡ እንደነበሩ ታውቋል። ቀዩን ግዙ።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ምክትል አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግን «ቫሳን ያሰመጠው አድሚራል» ይለዋል፤ በማቆሚያው ላይ የሚለጠፈው የነሐስ ጽሑፍም ይህንኑ ይደግማል። የሆነው እንዲህ ነው። ከጉዞው በፊት ካፒቴን ሶፍሪንግ ሃንሰን 30 ሰዎችን ከመርከቧ ጎን ወደ ጎን እያስሮጠ እንዴት እንደምትናወጥ ለፍሌሚንግ አሳየው። ሦስተኛው ሩጫ ላይ መርከቧ ክፉኛ ስለተናወጠች ፍሌሚንግ አስቆመ። ችግሩ ከስር ክብደት ከማነሱ፣ ከላይ ከመብዛቱ ነበር፦ 11.7 ሜትር ስፋት ባለው ቀፎ ላይ ሁለት የመድፍ ወለል፣ ከ64ቱ መድፎች 48ቱ 24 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኩሱ፣ ከስር ደግሞ 120 ቶን ገደማ የሚዛን ድንጋይ ብቻ። በጎርጎራ ታንኳ ላይ ተሳፋሪ ቆሞ እንዳይሄድ የሚከለከልበት ምክንያት ይኸው ነው። ድንጋይ እንዳይጨመር ደግሞ የታችኞቹ መስኮቶች ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ንጉሡ ጉስታቭ አዶልፍ ፕራሻ ሆኖ መርከቧን አጥብቆ ይጠብቅ ነበር። ኦገስት 10 ቀን 1,300 ሜትር ያህል ተጉዛ ሰመጠች። ፍሌሚንግ አይቶ ዝም ማለቱ ጥፋት ነው፤ ጉዞውን ማስቆም የሚችል ሥልጣን ነበረው። በምርመራው ግን ማንም አልተቀጣም፤ ዋናው መርከብ ሠሪ ሄንሪክ ሂበርትሰን መርከቧ ሳታልቅ በ1627 ሞቶ ነበር።

ይህን ብቻ ጽፎ መተው ግን የአንድን ሰው ዕድሜ በአንድ ቀን መለካት ነው። ፍሌሚንግ በ1592 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ተወልዶ በ1620፣ ገና በ28 ዓመቱ ገደማ፣ ምክትል አድሚራል ሆነ። በ1634፣ ዐፄ ፋሲል በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ የስቶክሆልም የመጀመሪያው ገዥ ተሾመ። በ1637 ተነሥተው በ1638 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ደላዌር ወንዝ ደርሰው አዲሲቱ ስዊድን የተባለችውን ቅኝ ግዛት የመሠረቱትን ሁለት መርከቦች የላከውን ኩባንያም የመራው እሱ ነው። በ1644 ከዴንማርክ ጋር በተደረገው ጦርነት መርከቦቹን አዝምቶ በኮልበርገር ሃይዴ የባሕር ውጊያ ተዋጋ። በዚያው ወር፣ ኪል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከዴንማርኮች በተተኮሰ የመድፍ ጥይት ሞተ፤ አዛዥነቱን ካርል ጉስታፍ ቭራንገል ተረከበ።

ለትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ወይም ትዕግሥት ላለው የእንጨት ሠሪ ሣጥኑ ይገዛ፤ ከዚህ በፊት ሞዴል ሠርቶ የማያውቅ ግን ባለ አንድ ተራዳ ጀልባ ያስቀድም። ውሃ ላይ ለማንሳፈፍ ለሚያስብ አይሆንም፤ ኮላው ይለቃል። የነሐሱ ጽሑፍ ወልቆ «ቫሳ፣ 1628፣ ካፒቴን ሶፍሪንግ ሃንሰን» የሚል ይለጠፍ።